ሰው ማንሳት

ንዋይ በስልክ የሚያወራው እንዳይሰማበት ብሎ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ ነበር። የአዳማ ውሃ ግን የሰው ምስጢር የሚጠብቅ አይደለም፤ እንደ ልማዱ ሁለት ሦስቴ አስሎ ቀጥ አለ፤ የወንድሟም ድምፅ ብቻውን ቀረ። ዘርፉ ኮሪደሩ ላይ የስፖርት ጫማዋን ክር ለማሰር እንዳጎነበሰች ነበረች። «እኔ የምልሽ ዘውድነሽ፣ እሷ ራሷ አስታማሚ የሚያስፈልጋት ሆናለች። ክንዷን ብታዪው ያሳዝናል፣ ቆዳ ብቻ ነው የተንጠለጠለው። ጨጓራዋን አስቆርጣ መጥታ፣ ባለፈው ወር እማዬን እንደያዘቻት አብረው ወደቁ። ሌላ ቀን ዳሌዋን ብትሰብራትስ? የለም፣ ጆቴ መኪናውን ይዞ ከሰዓት ይመጣል፤ ነገሌ አመጣታለሁ። አልጋውን አዘጋጁ። ገና አልነገርኳትም፤ ምሳ ላይ እነግራታለሁ።» ከዚያ ቧንቧው አየር ተፋ። ንዋይም ውሃው መቋረጡን ያን ጊዜ ያስተዋለ ይመስል ዝም አለ።

ዘርፉ የጀመረችውን ክር አስራ ጨረሰች። የገረማት መናደድ አለመቻሏ ነበር። አርሲ ነገሌ እህል እየነገደ ከሚስቱ ከዘውድነሽ ጋር ሦስት ሴቶች ልጆች የሚያሳድገው ይኸው ታናሽ ወንድሟ፣ ከሦስት ዓመት በፊት እናታቸው በታመሙ ሰሞን እዚሁ ቤት መጥቶ «ራሷን መሸከም ያቃታት ሴት እናት እንዴት ትሸከማለች?» ሲል ሰምታዋለች። ያኔ መቶ ሃያ ስምንት ኪሎ ነበረች። አሁን ሰማንያ አንድ ናት። ወፍራም ሆና የማትችለውን ቀጭን ሆናም አትችልም ከተባለ፣ የምትችልበት ልክ የትኛው እንደነበር የሚነግራት ሰው ቢኖር ደስ ባላት። ምናልባት መሀል ላይ አንድ ቀን ሲያልፍ ሳታየው ቀርታ ይሆናል።

የእናቷ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሳትገባ፣ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራች።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና፣ ዘርፌ። በጠዋቱ ወዴት ነሽ?»

«ገበያ ደርሼ ልምጣ።»

«ሽንኩርት እንዳትረሺ።»

እዚህ ድረስ እናትና ልጅ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሲቀራረቡ ነው። የወይዘሮ እልፍነሽን ዓይን ስኳር ጋርዶታል፤ ከሦስት ዓመት በፊት የመታቸው ስትሮክ ደግሞ ግራ ጎናቸውን ይዞ፣ ከአእምሯቸውም ቆንጥሮ ሄዷል። ሰው የሚያውቁት በድምፅና በመዳሰስ ነው። የዘርፉ ድምፅ እንደነበረ ነው፤ የተለወጠው እጃቸው የሚያገኘው ገላ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እሷ በየወሩ እየቀለለች ስትሄድ የእሳቸውም መርሳት በዚያው ልክ እየባሰ ሄደና፣ አንድ ቀን ጠዋት ልታጥባቸው ስትጠጋ ክንዷን ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ዳስሰው «ዘርፌ የት ሄደች?» አሏት። «እኔ ነኝ እማዬ፣ አላወቅሽኝም?» ስትላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «የእኔ ልጅ ወፍራም ናት። ማን ሆነሽ ነው ደግሞ አንቺ የምትይኝ?» ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ልታስረዳቸው ሞክራለች። ባስረዳች ቁጥር የሚያተርፉት ለቅሶና ፍርሃት ሲሆን ጊዜ ተወችው። አሁን ኮሪደሩ ላይ ስትሆን ልጃቸው ናት፣ አንቺ ትላቸዋለች። አልጋው አጠገብ ስትደርስ «እማማ፣ እንዴት አደሩ» ብላ የምትገባ ቅጥር አስታማሚ ናት። ዘርፌ የት ሄደች ሲሏት «ገበያ» ትላለች፤ ይህንንም መልስ የሰጧት ራሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ከቤት ከጠፋች ሌላ የምትሄድበት አይታያቸውም።

ጂሙ ፍራንኮ አካባቢ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው ሊፍት ከተገጠመ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም፤ አሰልጣኟ ሌንሳ «እሱ ነው ማሟሟቂያችሁ» ትላለች። ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ለሴቶች ብቻ ይከፈታል። ስፖንጁ የወጣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥጉ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተያዘ የግድግዳ ሙሉ መስታወት፣ የሰው ላብ የጠጣ የጎማ ምንጣፍ፤ ግንቦት ስለሆነ ደግሞ በጠዋቱም ቬንትሌተሩ የሚበትነው ሙቅ አየር ብቻ ነው። ዘርፉ ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ ትንፋሽ አላጠራትም። ይህን አስተዋለች፤ ደስታ ግን አልሰጣትም። የዛሬ ዓመት ቢሆን ለሁሉም ሰው ትነግር ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ሌላ ነበር። ቀሚሷ በየወሩ ይሰፋታል፣ ልብስ ሰፊዋ ትስቃለች፣ የመጋረጃ ሱቋ ደንበኞች «ምን አግኝተሽ ነው?» ብለው በጆሮዋ ይጠይቋታል። ሚዛን ላይ መውጣት ደመወዝ እንደ መቀበል ሆኖባት ነበር። ጨጓራ አንዴ ተቆርጦ እንደሚያበቃ፣ ቀሪው ነገር ግን የዕድሜ ልክ መሆኑን ሐኪሙ ባይደብቃትም፣ እሷ አልሰማችውም። ቀሪው ነገር በየቀኑ ነው፤ በትንሽ ሳህን አምስት ጊዜ መብላት፣ ከምግብ ጋር ውሃ አለመጠጣት፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ምስር፣ ኪኒን፣ ማበጠሪያ ላይ የሚቀር ፀጉር። «ከስቡ ጋር ጡንቻሽም ሄዷል፤ ክብደት ካላነሳሽ ጉልበትሽ አይመለስም» ብሏታል ሐኪሙ። ከዚያ ሚዛኑ ቆመ፤ ከቆመ በኋላም ሦስት ኪሎ ወደ ላይ ተመለሰ። ሰው አዲሱን ሰውነቷን ለመደውና ማየት ተወ፤ ያልለመደው ደግሞ በሽታ ሰጣት። ሁዳዴ ሲገባ የነፍስ አባቷ እንቁላል ፈቅደውላት ነበር፤ እሷ ግን ሰፈሩ በሙሉ ሽሮ በሚያሸትበት ሰሞን እንቁላል መጥበስ አፈረች። ሽሮ በላች፣ ደከመች፣ ጂም መሄዱን ለአንድ ሳምንት ብላ አቆመችና ሁዳዴው በዚያው አለቀ። በፋሲካ ሳምንት ነው የእናቷን ገላ ልታጥብ ከወንበሩ ስታነሳቸው ጉልበቷ የከዳት። ሁለቱም እርጥቡ ሴራሚክ ላይ ተቀምጠው፣ ቀን ቀን የምታግዛት ቦንቱ ከወፍጮ ቤት እስክትመለስ ጠበቁ። እናቷ አልተጎዱም። በማግስቱ ዘርፉ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፤ ፍላጎት የሚባለው ነገር ግን አብሯት አልተመለሰም።

ዛሬም ብረቱ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ቀረች። ሌንሳ መጥታ አጠገቧ ቆመች። በሯጭነት ጀምራ ጉልበቷ ሲጎዳ ወደ አሰልጣኝነት የዞረች፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት፤ ብዙ አታወራም።

«ዛሬ ደክሞሻል ወይስ ሰልችቶሻል?»

«ለየብቻ ናቸው እንዴ?»

«ለደከመው ክብደት እቀንስለታለሁ። ለሰለቸው መድኃኒት የለኝም፤ እኔንም ይሰለቸኛል።»

ዘርፉ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ስለ ወንድሟ ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሌላ ነገር ወጣ። «ብረቱንማ ለመድኩት። እናቴ ግን ብረት አይደለችም፣ መያዣ የላትም። ስነካት ትፈራለች፤ ስትፈራ ትከብዳለች።»

ሌንሳ ጥቂት አሰበችና እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ግራ እጇን ጣለችው፣ አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ ሰውነቷን እንዳለ ለቀቀችው። «እሺ፣ እኔም መያዣ የለኝም። ግራ ጎኔ አይሠራም። አንሺኝ።»

በመጀመሪያው ሙከራ ክንዷን ይዛ ሳበቻት፤ ሌንሳ ዓይኗን ሳትከፍት «እንደዚህ ትከሻዬን ታወልቂዋለሽ» አለች። በሁለተኛው ግማሽ ድረስ አንስታት አብረው አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጎማው ላይ የሚንጠራሩት ሴቶች ዞር ብለው አዩአቸው። ሌንሳ ተነስታ አሳየቻት። እግርሽን በእግሯ መሀል አስገቢ፤ ሽባ የሆነውን ጉልበቷን በጉልበትሽ ደግፊው፤ እጅሽን በብብቷ ሥር አሳልፈሽ ጀርባዋ ላይ አገናኚው፤ ደረትሽን ደረቷ ላይ፤ ወገብሽን አትጠይቂው፣ ጭንሽን ጠይቂው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ሬሳ ሆነች። በሦስተኛው ዘርፉ ትንፋሿን እያወጣች ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሌንሳም በእቅፏ ውስጥ አብራ ቆመች። እንደዚያ ሆነው ትንሽ ቆዩ። ዘርፉ ሰው አቅፋ ከቆመች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ አሰበች፤ የሌላ ሰው ልብ ሲመታ ደረቷ ላይ ይሰማታል፤ ጭኖቿም አለቅጥ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ሰኞ እንደግመዋለን» አለች ሌንሳ ከእቅፏ እየወጣች። «ዛሬ ተሳካ ማለት ሰኞ ይሳካል ማለት አይደለም።»

ቤት ለመግባት አልቸኮለችም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ቀቅላ የያዘቻቸውን ሁለት እንቁላሎች በላች፤ አንዱ ሃያ ብር ከገባ ወዲህ በጨው እንኳ ሳታጣፍጥ መብላት ኃጢአት ይመስላታል፤ ጨው ግን ረስታለች። ከዚያ በባጃጅ ገበያ ሄደች። ገበያ ነኝ ብላ ወጥታ ሳትገበይ መመለስ አልሆነላትም። ነፋሱ ከመንገዱ ዳር አቧራውን እያነሳ የሻጮቹን ሸራ ያራግባል። ሑስና፣ ለዓመታት ደንበኛዋ የሆነችው የሽንኩርት ነጋዴ፣ ከመቂ የገባውን ክምር በእጇ እያገላበጠች ትልልቁን መረጠችላት፤ ኪሎው መቶ ብር መግባቱንም እንደ ይቅርታ አድርጋ ነገረቻት። ሚዛኑን ካነሳች በኋላ የዘርፉን እጅ ያዝ አደረገች። «ጤናሽስ እንዴት ነው? ዱዓ ላይ አልረሳሽም።» ዘርፉ ባለፈው ዓመት ቢሆን ሁሉንም ነገር ታስረዳት ነበር፤ አላመመኝም፣ ፈልጌ ነው፣ ሐኪም ነው ትላት ነበር። ዛሬ «አሜን» ብላ ፌስታሉን ተቀበለች።

ቤት ስትደርስ ሳሎኑ ተለውጦ ጠበቃት። የእናቷ ብርድ ልብሶች ታጥፈው በገመድ ታስረዋል፣ ዳይፐሩ በካርቶን ተደርጎ በሩ ሥር ተቀምጧል። ቦንቱ ከኩሽና ብቅ ብላ ዓይኗን መልሳ ጥብሱ ላይ ጣለች፤ እንደተነገራት ያስታውቃል። ንዋይ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል፤ ድምፁ ተዘግቷል። እሱም ወፍራም ነው፤ በአባታቸው የወጣ ሰፊ ሆድ አለው፤ ነገር ግን ወንድ ስለሆነና ነጋዴ ስለሆነ ውፍረቱ ማንንም አሳስቦ አያውቅም። ምሳ ቀረበና ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ በሻይ ሳህን ላይ ትንሽ ሥጋና ሁለት ማንኪያ አይብ አደረገች። ወንድሟ ያንን ሳህን እያየ ጉርሻ ጠቅልሎ ነበር፤ ወደ እሷ ሊዘረጋው ብሎ መሀል መንገድ ላይ አስታወሰና ወደ ራሱ አፍ መለሰው።

«ይቺ ናት ምሳሽ?»

«ይቺ ናት።»

ከእናቷ ክፍል የሬዲዮ ድምፅ ይመጣል። ንዋይ እጁን ታጥቦ መጣ፣ ፎጣውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ እንደገና ዘርግቶ አጣጠፈው። «ዘርፌ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…»

«ጠዋት ሰምቼሃለሁ። ውሃው ተቋርጦ ነበር።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያው ከሩቅ ሆኖ የሚፈራ ሰው ነው። «ስትወፍሪም ፈራሁልሽ፣ ስትከሺም ፈራሁልሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ለእሷ ብቻ አይደለም። እዚያ ዘውድነሽ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ አራት ሴት ናቸው። እዚህ ቦንቱ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ አንቺ ብቻ ነሽ። ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ወደቁ የሚሉኝ እየመሰለኝ እነሳለሁ።»

ዘርፉ መልስ ነበራት። ጠዋት ሌንሳን እንዳነሳቻት መናገር ትችላለች፤ ከፋሲካ ወዲህ አንድም ቀን እንዳልቀረች መናገር ትችላለች። ነገር ግን እነዚህን ቃላት ልታነሳቸው ስትል ከብረቱ ከበዷት። ከዚህም በላይ፣ ለማንም የማትነግረው ነገር ከሥር ብቅ ብሎ ነበር፤ እናቷ ቢሄዱ ዛሬ ሌሊት ትተኛለች። ስድስት ሰዓት ላይ ለማገላበጥ አትነሳም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አትነሳም፣ በገዛ ቤቷ አስታማሚ ሆና በር አታንኳኳም። አንድ ሌሊት ሙሉ። ይህን ስታስብ ሰውነቷ በሙሉ እንደ ውሃ ላላ፤ በላላውም ሰውነት «እሺ» አለች። ንዋይ ክርክር ጠብቆ ተዘጋጅቶ ስለነበር እሺታው ሲመጣ የሚይዝበት ቦታ አጣ። እሷ ተነስታ ኢንሱሊኑን በበረዶ ቦርሳ ማድረግ ጀመረች፤ ጠዋት ስንት እንደሚወጉ፣ በየትኛው ጎን እንደሚያስተኟቸው፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ እንደማይጠጡ እየነገረችው፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ፣ ግማሹን ከወዲሁ እየረሳ።

ጆቴ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መጣ። የንዋይን እህል የሚያመላልስ የነገሌ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን የጭነቱን መኪና ትቶ የሰው ፒካፕ ተውሶ መጥቷል። ገብቶ አልጋው አጠገብ ጎንበስ አለና «አዮ፣ አከም ኦልተን?» ብሎ ሰላም አላቸው፤ ወይዘሮ እልፍነሽም «ነጋ» ብለው መለሱለት፤ ሞጆ ባደጉበት ዘመን የለመዱት ኦሮምኛ ከሌላው ሁሉ በኋላ ነው የሚጠፋቸው። እሱና ንዋይ በብርድ ልብስ አድርገው ተሸክመዋቸው ወጡ። ወይዘሮ እልፍነሽ የት እንደሚወሰዱ ሳይገባቸው «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዕቃው ተጫነ። ጆቴ ሞተሩን አስነሳ። ዘርፉ በተከፈተው በር አጠገብ ቆማ የእናቷን ነጠላ ከጉልበታቸው ሥር ትጠቀልል ነበር።

«ማን ማን አለ እዚህ?» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

«እኔ ነኝ እማዬ፣ ንዋይ። ነገሌ፣ እኔ ቤት ልንሄድ ነው።»

«ዘርፌስ?»

ንዋይ እህቱን አያት። እሷ እንደ ኮሪደሩ ጊዜ አደረገች፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ራቅ ብላ «እዚህ ነኝ እማዬ» አለች። የአሮጊቷ ፊት በራ፤ ቀኝ እጃቸውን በበሩ ዘረጉላት። መቅረብ እንደሌለባት እያወቀች ቀረበች። ጣቶቻቸው አንጓዋን አገኙ፣ ወደ ክንዷ ወጡ፣ የላላውን ቆዳ ጨብጠው ወደ ትከሻዋ ሄዱ፣ እዚያም ቆሙ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ተመልሶ ተዘጋ።

«ይቺ ልጅቷ ናት። ዘርፌን ስሰማት ነበር፤ የት ሄደች?»

ዘርፉ አስታማሚዋን ሆነች። «ገበያ ናቸው፣ እማማ።»

«እንዲህ ከሆነ እኔ የት ነው የምሄደው?» ቀኝ እጃቸው የመኪናውን በር ጠርዝ ፈልጎ ያዘ። «ሽንኩርቷን ይዛ ስትመጣ ባዶ ቤት ልታገኝ ነው። ምሳ እንኳ ሳትበላ ነው የወጣችው። ንዋይ፣ አንተ ሚስት አለህ፣ ልጆች አሉህ። እሷ እኮ ማንም የላት፤ እኔ ነኝ ያለኋት። እሷን ትቼማ አልሄድም።»

ጆቴ ሞተሩን አጠፋ። የጎረቤት ዶሮ አጥር ሥር ሲጭር ይሰማል። ንዋይ ከፊት ወንበር ዞሮ እህቱን እያያት ነበር፤ በስልክ «ትረሳለች» ሲባል የሰማው ሁሉ ይህ እንደሆነ ገና ያን ጊዜ ነው የገባው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አላት በዝግታ።

«ስቀርባት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

ንዋይ ወርዶ ዞሮ መጣና «እሺ እማዬ፣ እስክትመጣ ቤት ሆነን እንጠብቃታለን» ብሎ በብብታቸው ይዞ ሳባቸው። ሆዱ ከበሩ ጋር ተጣልቶ በደንብ መጠጋት አልቻለም። እሳቸው ጮሁ፤ በሩን የያዘው እጅ ጭራሽ ጠበቀ። እንደገና ሊስብ ሲል ዘርፉ ክንዱን ነካችው። «ተው ንዋይ፣ ትከሻዋን ታወልቀዋለህ። ልቀቅልኝ።» የተናገረችው በለሆሳስ ነበር፤ ንዋይ ግን ወዲያው ገለል አለ።

እግሮቻቸውን አንድ በአንድ አውርዳ መሬት አስነካቻቸው። የማይሠራውን ጉልበት በጉልበቷ ደገፈች፣ ጎንበስ ብላ እጆቿን በብብታቸው ሥር አሳልፋ ጀርባቸው ላይ አገናኘች። «እማማ፣ ይቺን ቀኝ እጅዎን አንገቴ ላይ ያድርጉልኝ። አዎ። ደረቴ ላይ ይደገፉ። እኔ አልስብዎትም፤ አብረን ነው የምንነሳው።» እጃቸው በሩን ለቀቀና አንገቷን ያዘ። ከሌንሳ ይቀላሉ ብላ ነበር የገመተችው፤ ፍርሃታቸው ግን አብሮ ተጭኖባት ከበዱ። ጭኗ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይሰማታል፤ የሴራሚኩ ቅዝቃዜ ትዝ አላት፤ ትዝታውን ሳታባርረው፣ እንዲሁ እንዳለ ይዛው፣ ትንፋሿን እያወጣች ቀና አለች። ቆሙ። ቦንቱ ተሽከርካሪ ወንበሩን ልታመጣ ሮጣ ነበር፤ ዘርፉ ግን መቀመጥና እንደገና መነሳት ሁለት ሥራ እንደሚሆንባት ስለገባት እንዲያው በእቅፏ እንዳሉ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደች፣ የእሳቸው ቀኝ እግር እየተራመደ ግራው እየተጎተተ፣ ግቢውን አቋረጡ። ንዋይ ልርዳሽ እያለ በጎን በጎን ይሄዳል፤ የት እንደሚይዝ ግን አላወቀም። አልጋው ላይ ስታስቀምጣቸው ጀርባዋ ላይ ላቡ ከቀሚሷ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ንዋይና ጆቴ ዕቃውን መልሰው አስገቡ። ወንድሟ ፊቱን ታጥቦ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ «በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ልምጣ። ሁለት ሁለት ሌሊት እኔ ልደር፤ አንቺ ትተኛለሽ» አላት። እሷም እሺ አለችው። ይምጣ አይምጣ አታውቅም፤ መኸር ሲደርስ እህሉ ይበልጥበት ይሆናል። «እንዲህ ማንሳት የት ነው የተማርሽው?» ብሎ ጠየቃት ደግሞ፤ «ሦስተኛ ፎቅ» አለችው፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ፒካፑ ከቅያሱ ሲወጣ ያስነሳው አቧራ ግቢው ድረስ ገባ። ቦንቱም ሳህኖቹን አጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤቷ ሄደች።

ዘርፉ እግሮቿ እስኪረጉ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነገ ጭኗ ደረጃ እንደማያስወርዳት ከወዲሁ ታውቃለች። ዛሬ ሌሊትም ስድስት ሰዓት ላይ ትነሳለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳለች። እናቷ ትራሳቸው ላይ ራሳቸውን ወደ እሷ አዙረው ነበር።

«ጠንካራ ነሽ አንቺ» አሏት። «ማን ነው ስምሽ?»

ሌላ ጊዜ ስም ሲጠይቋት የመጣላትን ትላለች። አሁን የሚመጣላት ስም አጣች። «ዘርፉ ነው የምባለው፣ እማማ።»

«የልጄ ሞክሼ።» ወይዘሮ እልፍነሽ በነገሩ ተደሰቱ፤ ደጋግመው በለሆሳስ አሉት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን አገኙና መታ መታ አደረጉት፤ ሰው እንዳይሰማ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷ እንዲህ አታነሳኝም። ዝም ትላለች እንጂ ደክሟታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ አውቃለሁ። ብዙ ነው የጣልኩባት። ስትመጣ እንዳትነግሪያት፤ ግን አግዢያት፣ እሺ?»

«እሺ እማማ» አለች ዘርፉ። «አግዛቸዋለሁ።»